በካርታ ላይ ያለው ነጥብና በጣና ዳር ያለው ቦታ

ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ስለ ወፎች ፍልሰት የሚጻፈውን የምርምር ጽሑፍ የገለጠ ሰው ሁሉ አንድ ዐይነት ካርታ ሳያይ አይቀርም። ይኸውም ከሰሜን አገር ተነሥቶ፥ ባሕርና በረሓ አቋርጦ ወደ አፍሪቃ የሚወርድ ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ የሚሠራው በወፍ ጀርባ ወይም እግር ላይ የታሰረ ትንሽ የራዲዮ አስተላላፊ መሣሪያ ከሚልካቸው ነጥቦች ነው። ከእነዚህም መስመሮች አንዳንዶቹ የሚያልቁት በእኛው አገር፥ በጣና ሐይቅ ዳር ነው። በዚህ አጭር ትችት ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፥ መስመሩ ጣና ዳር ደርሶ በቆመ ጊዜ ምን አሳወቀን? ምንስ ሳያሳውቀን ቀረ? የሚለው ነው።

ሐሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፥ መሣሪያው ወፊቱ የት እንዳለች ይናገራል እንጂ ያለችበት ቦታ ምን እንደ ሆነ አይናገርም። ይህን ሁሉም ሰው በቃል ያምነዋል። ነገር ግን ካርታው ከታተመ በኋላ ሁለቱ ነገሮች በቀላሉ ይቀላቀላሉ፤ ወፊቱ የቆመችበት ነጥብ ሁሉ “መርጣ የምትኖርበት ስፍራ” ተብሎ ይነበባል። በጣና ዳር ደግሞ ይህ መቀላቀል ወፎቹንም አራሹንም የሚነካ ስለ ሆነ፥ በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አርጎስ የሚባለው በሳቴላይት የመከታተያ ድርጅት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረንሳይና በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ስምምነት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ጥሩምባ እየነፋ የሚመጣ አውቶቡስ ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፥ አልፎ ሲሄድም እንደሚወፍር የታወቀ ነው። እንዲሁም ሳቴላይቱ ወደ ወፊቱ ሲጠጋና ሲርቅ የሚቀበለው የራዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ይለዋወጣል፤ ከዚህም ለውጥ ወፊቱ ያለችበት ቦታ በስሌት ይገኛል። ቦታው ግን በርግጠኝነት የሚታወቅ አይደለም። ከሁሉ የተሻለው ደረጃ እንኳ እስከ 250 ሜትር የሚደርስ ስሕተት የሚፈቅድ ሲሆን፥ የዝቅተኛው ደረጃ ስሕተት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል።

ይህ ቍጥር በውቅያኖስ ላይ ለሚበር ወፍ ምንም ላይመስል ይችላል። በጣና ዳር ግን ከውሃው ጫፍ እስከ ደንገሉ፥ ከደንገሉ እስከ ግጦሹ፥ ከግጦሹም እስከ እርሻው ያለው ርቀት በብዙ ስፍራ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ዐይነት የተገኘ አንድ ነጥብ ወፊቱን ከውሃ ውስጥም ከሽምብራ ማሳም ሊያቆማት ይችላል። ዛሬ የሚሠሩት መሣሪያዎች ጂ.ፒ.ኤስ. ስላላቸው ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወርዷል፤ አንዳንዶቹም ነጥቦቹን አከማችተው የስልክ መረብ ባለበት ሲደርሱ ይልካሉ። የሆነ ሆኖ ሌላው ችግር አልተወገደም። ባትሪው እንዳያልቅ ሲባል ነጥብ የሚያዘው በየተወሰነ ሰዓት ነው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ወፊቱ የሠራችውን የሚናገር የለም። ከዚህም በላይ መሣሪያው ከወፊቱ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዳይበልጥ በመርማሪዎች ዘንድ ልማድ ሆኗል። እንግዲህ 5 ኪሎ ለምትመዝን ወፍ 150 ግራም ሊፈቀድላት ሲችል፥ ከ50 ግራም ለማትበልጥ ወፍ የሚፈቀደው ከሁለት ግራም ብዙም የማይበልጥ ነው። በዚህ ምክንያት የትኛዋ ወፍ እንደምትጠና የሚወስነው አስፈላጊነቷ ብቻ ሳይሆን የጀርባዋ ስፋትም ጭምር ነው።

ይህን ስንል ግን የመሣሪያውን ውለታ ለመካድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢ7 የሚል ምልክት የተሰጣት አንዲት ረጅም ምንቃር የባሕር ዳር ወፍ ከአላስካ ተነሥታ እስከ ኒው ዚላንድ 11,680 ኪሎ ሜትር በስምንት ቀን ያህል ሳታርፍ መብረሯ የታወቀው በዚሁ መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን በረራ ብዙ ሰው ከግምት በላይ አድርጎ አያየውም ነበር። መሣሪያ ሳይደርስላት የጠፋችም አለች። ቀጭን ምንቃር ያላት፥ በሳይንስ ስሟ ኑሜኒዩስ ቴኑዊሮስትሪስ የምትባለው ወፍ በርግጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1995 በሞሮኮ ባሕር ዳር ሲሆን፥ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ከምድር እንደ ጠፋች በይፋ ተገልጿል። በየት በየት እንደምታልፍና የት እንደምትፈለፍል በቂ ዕውቀት ሳይገኝ መጥፋቷን ስናስብ፥ መሣሪያው በጊዜው ደርሶላት ቢሆን ኖሮ ማለታችን አይቀርም።

በአገራችንም የታየ ምሳሌ አለ። ራሰ በራው አይቢስ የሚባለው ጥቁር ረጅም ምንቃር ወፍ በሶርያ ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በፓልሚራ አጠገብ ሰባት ወፎች ተገኙ። ክረምታቸውን ወዴት እንደሚያሳልፉ ግን አይታወቅም ነበር። በ2006 በሦስቱ ላይ አስተላላፊ መሣሪያ ታሰረ፤ እነርሱም በዐረብ አገር ወርደው፥ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ገቡ። ከዚያ በፊት ይህ ወፍ በኢትዮጵያ ከታየ፥ ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት የመስክ ቡድን በነጥቦቹ ተመርቶ ወደ ስፍራው በሄደ ጊዜ ያገኘው ግን ሦስት ሳይሆን አራት ወፎች ነው። አራተኛው መሣሪያ ያልታሰረበት ስለ ነበር ከሳቴላይቱ ዘንድ ስም አልነበረውም። እርሱን ያገኘው የሰው ዐይን ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ነጥቡ ሰውን ወደ ቦታው ሲመራ ሥራውን ፈጽሟል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመስክ ሰው ሥራ ነው። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው። የወፎቹ መንገድ ከታወቀ በኋላም ቍጥራቸው እያነሰ ሄደ፤ በመንገድ ላይ አደንና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚያጠፏቸው ነገሮች ዋናዎቹ ነበሩ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፓልሚራው መንጋ እንዳለቀ ይቆጠራል። መንገዱን ማወቅና መንገዱን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። በእንግሊዝኛ ክሬን፥ በሳይንስ ስሟ ግሩስ ግሩስ የምትባለው ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላት ግራጫ ወፍ፥ በሰሜን አውሮፓና በሩስያ ረግረግ ፈልፍላ፥ በየዓመቱ ከኅዳር ወር አካባቢ እስከ የካቲት ድረስ በብዙ ሺሕ እየሆነች በጣና ዙሪያ ትሰፍራለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢቫር ኦያስቴ የሚባሉ የኤስቶንያ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፊንላንድ የወፎች መጽሔት ያወጡት ጥናት የእነዚህን ወፎች ጉዞ በመሣሪያ ተከትሎ የሚተርክ ነው። ጥናቱ በዐይነቱ የተመሰገነ ሥራ ነው። ርእሱ ራሱ ከሰሜን አውሮፓ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ላይ ያበቃል፤ ዓላማውም ጉዞውን ማጥናት ስለ ሆነ በዚህ ልንነቅፈው አይገባንም።

ነገር ግን ከጣና ዳር ሆኖ ለሚያነብ ሰው፥ ጽሑፉ የሚያበቃበት ቦታ ነገሩ የሚጀመርበት ነው። ወፊቱ በበረራ የምታሳልፈው ጊዜ በሳምንታት ሲቈጠር፥ በዚህ የምትቀመጠው ግን በወራት ነው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በእግሯ ቆማ ታድራለች፤ ይህም ጅብና ቀበሮ በድንገት እንዳይደርሱባት ነው። ሲነጋ ወደ እርሻ ትወጣና በታጨደ ማሳ ላይ የወደቀውን የጤፍ፥ የሩዝና የሽምብራ እህል ትለቅማለች፤ አንዳንድ ጊዜም የበቀለውን ጓያና ሽምብራ ትነቅላለች። ስለዚህ ኑሮዋ በሁለት ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም ዳር ዳሩን በሚተኛው ስስ ውሃና በገበሬው ማሳ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሌላው ብቻውን አይበቃትም።

ይህ ስስ ውሃ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚለዋወጥ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን፥ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በፎገራና በደምቢያ በኩል ዳሩ ሜዳ ስለ ሆነ፥ ሐይቁ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ሰፊ መሬት ከውሃ ይወጣል። ይህን መሬት ያገሩ ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ገበሬው እየተከተለ ይዘራበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ የውሃ መቈጣጠሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ መውሰድ ያዘ። ከዚህ የተነሣ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም የሚወሰን ሆኗል። በ2011 እምቦጭ የተባለው ወራሪ አረም በሐይቁ ላይ ታወቀና ከሰሜን ምሥራቁ ዳር ተስፋፋ። በዚያው ዓመት በታተመ ጥናት ንጋሽ አጥናፉና ባልደረቦቻቸው በፎገራ ሜዳ ያሉት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ለእርሻና ለመስኖ ሲባል እየደረቁ መሆናቸውን ጽፈዋል።

እንግዲህ በካርታው ላይ ሃያ ነጥቦች ባንድ ማሳ አጠገብ ተሰብስበው ብናይ ምን እንላለን? ቦታው መልካም ስለ ሆነ ነው እንላለን? ወይስ ቀድሞ የምታድርበት ረግረግ ስለ ደረቀ ነው? እምቦጩ ዳሩን ስለ ሸፈነባት ይሆን? ወይስ በዚያ ዓመት ሩዙ ዘግይቶ ስለ ታጨደ? ለእነዚህ ለአራቱም ምክንያቶች ነጥቡ አንድ ዐይነት ነው። መርማሪው ከምክንያቶቹ አንዱን ሳያጣራ “ይህን ስፍራ ትመርጣለች” ብሎ ቢጽፍ፥ ስፍራውን የሚያስተዳድረው ሰው ደግሞ ያንኑ አምኖ ያን ማሳ ብቻ ቢጠብቅ፥ የደረቀው ረግረግ ደርቆ ይቀራል።

ይህ ፍርሃታችን ከባዶ የተነሣ አለመሆኑን በዚሁ የጉዞ መስመር ላይ ያለ ሌላ ስፍራ ያስረዳል። በእስራኤል በሁላ ሸለቆ፥ ክሬኖቹ የገበሬውን እርሻ እንዳያጠፉ በቆሎ ይበተንላቸዋል። ከዚህም የተነሣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩት ወደ አፍሪቃ ሳይወርዱ ክረምቱን በዚያው ያሳልፋሉ። ነጥቡን ብቻ ለተመለከተ ሰው ሸለቆው ወፎቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ስፍራ ይመስላል። ነገር ግን በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የወፍ ጉንፋን በሽታ ገብቶ ባንድ ስፍራ ከታጨቁት ክሬኖች ከ5,000 በላይ ፈጀ። ስለዚህ ብዙ ወፍ መሰብሰቡ ለወፉ ደኅንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ወፊቱ የቆመችው ወድዳ ነው ወይስ ተገድዳ፥ ጠግባ ነው ወይስ ተታልላ የሚለውን ለማወቅ መሬት ላይ መገኘት ግድ ነው።

መሣሪያ ሳይኖርም ብዙ ሊሠራ እንደሚቻል የሚያሳዩ ሥራዎች ካጠገባችን አሉ። ሽመልስ አይናለምና ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ በባሕር ዳር አጠገብ ባሉት በእንፍራንዝና በይጋንዳ ረግረጎች የሚገኙትን ወፎች በየዐይነቱና በየስፍራው ዘርዝረው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ሽመልስ አይናለም ከጀርመን አጥኚዎች ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ስለሚከርሙት ክሬኖች ያወጡትም ሥራ በ2010 ታትሟል። እንዲህ ያለው ሥራ በመነጽር፥ በማስታወሻ ደብተርና በእግር የሚሠራ ነው። ካርታው ግን የወፊቱን ስም ሲያወጣ የእነዚህን ሥራዎች ስም የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በበርጋ ረግረግ የምትፈለፍለው ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ፥ ሳሮትሩራ አይሬሲ፥ ሌላ ምስክር ናት። ከላይ የጠቀስነውን የክብደት ልማድ ስናስብ ይህች ወፍ ለሳቴላይት መሣሪያ አትመችም። ነገር ግን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ መፈልፈሏ ከታወቀ በኋላ፥ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ሆኖ ሣሩ በሚያድግበት ጊዜ ከብት እንዳይገባበት የሚደረግበትን መንገድ ፈልጓል። በደቡብ አፍሪቃም መፈልፈሏ በ2018 የተረጋገጠው በተሰወረ ካሜራ ነው። ጥያቄው በደንብ ከተጠየቀ፥ መሣሪያው ሌላ ቢሆንም መልሱ ይገኛል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ “መሣሪያው የውጭ፥ ገንዘቡ የውጭ፥ ሊቁም የውጭ ከሆነ እኛ ምን እናደርጋለን?” ይል ይሆናል። ይህን ሐሳብ አንቀበለውም። “የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ” ይባላል። ሳቴላይቱ የማይችለውና ከውጭ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ መርማሪ ሊያደርገው የማይችለው ሥራ፥ ለጣና ዳር ልጅ ግን ቀላል የሆነ ሥራ አለ። በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ለያንዳንዱ ነጥብ የመሬት መዝገብ ይያዝለት። በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ውሃው እስከ ምን ይደርስ ነበር? ማሳው ታርሶ ነበር ወይስ ታጭዶ? ከብት ነበረበት ወይ? እምቦጩ የት ደርሶ ነበር? እንዲህ ያለው መዝገብ ከአንድ ክረምት እስከ ሌላው ሳይቋረጥ ከተያዘ፥ ከላይ የጠቀስናቸውን አራት ምክንያቶች አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል። መሣሪያ ያልታሰረባቸውም ወፎች በዚሁ መዝገብ ይግቡ፤ በመንጋው ውስጥ እጅግ የሚበዙት እነርሱ ናቸውና። ዓመቱን ሙሉ ከአገራችን የማይወጡት ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬንና አንገተ ነጩ ባለ ጕትቻ ክሬንም አብረው ይቈጠሩ።

ሁለተኛ፥ ገበሬው ይጠየቅ። ጓያው በወፍ የተነቀለበት ሰውና በአጨዳ የወደቀውን እህል ወፍ ሲለቅምለት የሚያይ ሰው አንድ ዐይነት መልስ አይሰጡም። ነገር ግን ሁለቱም ወፉ በየትኛው ወር፥ በየትኛው ማሳ፥ ለስንት ቀን እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በነጥብ ፋንታ የሚቆም ባይሆንም፥ ነጥቡን የሚያስረዳ ነው። ወፉ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይመረመርና ሳይታሰብለት “ወፉን ጠብቅ” ብሎ ማዘዝም የሚያዛልቅ አይሆንም።

ሦስተኛ፥ የተገኘው ነገር በአማርኛም ይጻፍ። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን ረግረጉ ይጠንፈፍ ወይስ ይቆይ፥ ፓምፑ የት ይተከል፥ ባሕር ሸሹ ለማን ይሰጥ የሚለው ነገር የሚወሰነው በወረዳና በቀበሌ ስብሰባ ነው። በዚያ ስብሰባ የሚቀመጠው ሰው የፊንላንድን መጽሔት አያነብም፤ ሊያነብም አይገባውም። መርማሪው ወፊቱን ከሰሜን አውሮፓ እስከ ፎገራ በሰዓት በሰዓት ሲከተላት ከርሞ፥ ፎገራ ላይ ለሚኖረው ሰው አንዲት ገጽ ካልጻፈለት ሥራው ከግማሽ መንገድ ቀርቷል ለማለት እንደፍራለን።

ከዚህ ሁሉ የምንደመድመው፥ አስተላላፊው መሣሪያ መልካም መልእክተኛ ነው፤ መልእክቱ ግን አጭር ነው። “እዚህ ነኝ” ይላል፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ለምን እዚህ እንደ ሆነች፥ ነገ ዓመት የምታድርበት ስስ ውሃ ይቈያት እንደ ሆነ መርምሮ መመለስ የአስተማሪዎቻችንና የትምህርት ጓደኞቻችን ሥራ ነው። ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ወፎቹ በኅዳር ይገባሉ፤ ደብተሩ ከጥቅምት ጀምሮ ሊዘጋጅ ይችላል።